ሰው የሚጎትት ገመድ ቢለጠጥ ይሻላል ወይስ ባይለጠጥ?

ባለፈው ሐምሌ ሚኒሶታ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። ሁለት ልጆች በአየር በተነፋ ክብ ቲዩብ ላይ በደረታቸው ተኝተዋል፤ ሞተር ጀልባ ከፊት እየጎተታቸው ይስቃሉ። ጀልባው ይታጠፋል፣ የቲዩቡ የፊት ጠርዝ ማዕበል ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ “ጧ!” የሚል ድምፅ ይሰማል። ገመዱ ተበጠሰ። ልጆቹ ምንም አልሆኑም፤ ቲዩቡ ባለበት ቀርቶ ተንሳፈፈ። ቪዲዮውን አዘግይቼ ደግሜ ስመለከተው ግን የተበጠሰው ጫፍ ወደ ጀልባው ተመልሶ የኋለኛውን ወንበር መደገፊያ ሲገርፈው ይታያል። ወንበሩ ባዶ ነበር። ቪዲዮውን የምትቀርጸው ሚስቱ እዚያ ተቀምጣ ነበር፤ ከደቂቃ በፊት የተነሳችው ፀሐይ አቃጥሏት ነው።

ገመዱ ፒክ አፕ መኪና ላይ ዕቃ የሚያስርበት የናይሎን ገመድ ነበር። ከቪዲዮው በታች እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ “አንተ ኢንጂነር ነህ አይደል? ምን ዓይነት ልግዛ? የሚለጠጥ ነው የማይለጠጥ?”

እውነቱን ለመናገር የኔ ጥናት በማሽን ንዝረት ላይ ነው፤ ጀልባ ነድቼ አላውቅም። ጥያቄው ግን ንዝረት ከሚያጠና ሰው ሙያ ብዙም አይርቅም። በአጭሩ ልመልስለት ጀምሬ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ፣ ይሄስ ለእናንተም ይሆናል ብዬ ወደዚህ አመጣሁት። ደግሞም ሚኒሶታ የሐይቅ አገር ነው፤ የመኪና ታርጋው ላይ እንኳ “10,000 ሐይቆች” ተብሎ ተጽፏል። እዚያ የምትኖሩ ወይም ዱባይ ባሕር ዳር ከፍላችሁ ቲዩብ ላይ የወጣችሁ አንባቢዎች እንዳላችሁ አልጠራጠርም።

የውሃ ስኪ የተጀመረውም እዚያው ሚኒሶታ ነው። በ1922 (በፈረንጆች) ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ባለው ፔፒን ሐይቅ ከወንድሙ ጀልባ ኋላ ሊንሸራተት ሞከረ። ስኪዎቹን ከሳንቃ ነው የሠራቸው፤ ጫፋቸው ወደ ላይ እንዲቆለመም በፈላ ውሃ ቀቅሎ አጎበጣቸው። ብዙ ጊዜ ሰመጠ። በመጨረሻ ወደ ኋላ ተደግፎ የስኪዎቹን ጫፍ ከውሃው በላይ አድርጎ ሲይዝ ቆመ። ስለ ሳሙኤልሰን ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ሳንቃዎቹን ነው። እኔን የሳበኝ ግን ገመዱ ነው፦ ወደ ላይ ተገፍተው የሚከፈቱ መስኮቶች ውስጥ የሚገባ የመስኮት ገመድ። በእጁ የያዘው ደግሞ አንጥረኛ የሠራለትን የብረት ቀለበት ነው። ያገኘውን ተጠቀመ ማለት ነው፤ ልክ እንደ አክስቴ ልጅ። ልዩነቱ የዛሬዎቹ ጀልባዎች ሞተር የዚያን ጊዜውን በብዙ እጥፍ መብለጡ ነው።

እሺ፣ ወደ ጥያቄው።

ማንኛውም ገመድ ሞላ ነው። ስትስቡት ይለጠጣል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ልዩነቱ ምን ያህል ግትር ሞላ ነው የሚለው ላይ ነው። 18 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ገመዶችን አስቡ። ሁለቱንም በ3000 ኒውተን እንስባቸው፤ ይህ 300 ኪሎ የሚያህል ዕቃ ቢንጠለጠልባቸው ከሚደርስባቸው ውጥረት ጋር ይቀራረባል። የመጀመሪያው እንደ ናይሎን ያለ ለስላሳ ገመድ ነው፤ ርዝመቱ በ15 በመቶ ይጨምራል እንበል፣ ማለትም 2.7 ሜትር። ሁለተኛው ለውሃ ስፖርት ተብሎ የተሠራ ግትር ገመድ ነው፤ 2 በመቶ ብቻ ይለጠጣል እንበል፣ ማለትም 36 ሴንቲ ሜትር።

“3000 ኒውተን ከየት አመጣህ?” ካላችሁ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቲዩብ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ የሚጎትተው ኃይል ትንሽ ነው። የፊት ጠርዙ ሲጠልቅ ግን ነገሩ ይቀየራል። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ የሚያሳድረው ተቃውሞ ደግሞ በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል። በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም በሴኮንድ 8 ሜትር፣ የሚጎተት ቲዩብ አንድ አስረኛ ካሬ ሜትር ብቻ የሚሆን ጠርዙን ውሃው ውስጥ ቢነክር ተቃውሞው 3200 ኒውተን አካባቢ ይደርሳል። አንድ አስረኛ ካሬ ሜትር ማለት ከሁለት መጽሔት ገጾች ብዙም አይበልጥም። የቲዩቡ ግማሽ ቢገባ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ። የአክስቴ ልጅ ገመድ የተበጠሰው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ልጆቹ ከብደውት አይደለም።

አሁን ሁለቱን ገመዶች እናወዳድር። መጀመሪያ ለስላሳውን የሚደግፈውን ክርክር ልስጣችሁ፣ ምክንያቱም እውነት አለው።

አገር ቤት መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና በገመድ ሲጎተት አይታችኋል። ገመዱ ላልቶ መሬት ነክቷል፤ ረዳቱ ከጎን ቆሞ “ቀስ! ቀስ! ቀስ!” ይላል። ሹፌሩ ረዳቱን ካልሰማና ገመዱ ላልቶ እያለ ከረገጠ፣ ገመዱ ሲወጠር ከኋላ ያለው መኪና በአንዴ ይነጠቃል። ጀልባም ላይ ያው ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውሃ ውስጥ ቆሞ እየጠበቀ፣ ጀልባው በሴኮንድ 3 ሜትር እየሄደ ገመዱ ድንገት ተወጠረ እንበል። የውሃውን ተቃውሞ ለጊዜው ትተን ስናሰላ፣ ሰውየው ላይ የሚያርፈው ከፍተኛው ኃይል የፍጥነቱና የ“ግትርነት ሲባዛ ክብደት” ካሬ ሥር ብዜት ነው። ለስላሳው ገመድ 870 ኒውተን አካባቢ ይሰጣል፤ 88 ኪሎ እንደመሳብ ነው። ግትሩ ገመድ 2370 ኒውተን አካባቢ ይሰጣል፤ 240 ኪሎ። ያው ሰው፣ ያው ጀልባ፣ ያው ስህተት፣ ነገር ግን ክንዱ ላይ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ንጥቂያ።

እዚህ ላይ ብንቆም መልሱ “የሚለጠጠውን ግዛ” ይሆን ነበር። ብዙ ሰውም እዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

አሁን ደግሞ ገመዱ ተወጥሮ ሳለ ሲበጠስ እንየው። የተለጠጠ ገመድ ውስጥ የተከማቸው ኢነርጂ የኃይሉና የተለጠጠው ርዝመት ብዜት ግማሽ ነው። ለግትሩ፦ የ3000 እና የ0.36 ብዜት ግማሽ፣ 540 ጁል። ለለስላሳው፦ የ3000 እና የ2.7 ብዜት ግማሽ፣ 4050 ጁል። ጁል ለሚለው ቃል እንግዳ ለሆናችሁ፣ 540 ጁል ማለት 50 ኪሎ የጤፍ ጆንያ ከወገብ ከፍታ ሲወድቅ የሚያመጣው ነው። 4050 ጁል ደግሞ ያንኑ ጆንያ ከ8 ሜትር በላይ፣ ከፎቅ ላይ እንደመጣል ነው። ኃይሉ ለሁለቱም አንድ መሆኑን ልብ በሉ። የተለየው ሞላው ብቻ ነው።

ያ ሁሉ ኢነርጂ ሲበጠስ የት ይሄዳል? ገመዱን ለመወርወር። ልጅ ሆነን የላስቲክ ወንጭፍ የሠራን ሁሉ እናውቀዋለን፤ ብዙ በተለጠጠ ቁጥር ብዙ ይወረውራል። የገመዱ ጠቅላላ ክብደት 1.2 ኪሎ ቢሆንና ግማሹ ኢነርጂ በአየርና በገመዱ ክሮች ፍትጊያ ቢባክን እንኳ፣ የቀረው ግማሽ ለስላሳውን ገመድ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር በሚያልፍ ፍጥነት ሊወረውረው ይችላል። ግትሩን በሰዓት 76 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሁለተኛውም ቢሆን ፊት ላይ እንዲያርፍብኝ አልፈልግም፤ የመጀመሪያው ግን በቡሄ ሰሞን ከሚጮኸው ጅራፍ ጋር ዝምድና አለው። ጫፉ ላይ የብረት ጋንቾ ካለ ደግሞ ጥይት እንጂ ጅራፍ አይባልም።

ነገሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፦ ንጥቂያውን የሚያለሰልሰውና ሲበጠስ የሚገርፈው አንድ ባሕርይ ነው። አንዱን ገዝቶ ሌላውን መተው አይቻልም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ “ይለጠጥ ወይስ አይለጠጥ” ሳይሆን “ልስላሴውን ከየት እናምጣው?” ነው። የውሃ ስፖርት ገመድ የሚሠሩ ሰዎች መልስ ባብዛኛው፦ ከገመዱ አይደለም። ከስኪው ሰውዬ ጉልበትና ክንድ፣ በአየር ከተነፋው ቲዩብ፣ ከሁሉም በላይ ከነጂው እጅ። ነጂው መጀመሪያ በጣም በዝግታ ሄዶ የላላውን ገመድ ይሰበስባል፤ ተወጥሮ ቀጥ ሲል ብቻ ይጨምራል። ከላይ ባለው ስሌት የመወጠሪያው ፍጥነት ከ3 ወደ 1 ሜትር በሴኮንድ ቢወርድ የግትሩ ገመድ ንጥቂያ ከ2370 ወደ 790 ኒውተን ይወርዳል፤ ለስላሳው ገመድ በ3 ሜትር ፍጥነት ከሰጠው ያነሰ ማለት ነው። በነጻ የሚገኝ ሞላ ነው፣ ሲበጠስም አይገርፍም።

ስፖርቱን ጠለቅ ብለው ለሚያውቁት ደግሞ ግትርነቱ ራሱ ተፈላጊ ነው። የስላለም ውድድርን ተመልከቱ። ጀልባው ቀጥ ባለ መስመር፣ ለወንዶች እስከ በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር፣ ይሄዳል። ስኪ ያደረገው ሰው ከመስመሩ ግራና ቀኝ የተተከሉ ስድስት ተንሳፋፊ ኳሶችን በውጭ በኩል መዞር አለበት። እያንዳንዱ ኳስ ከጀልባው መሃል መስመር 11.5 ሜትር ይርቃል። በተሳካለት ቁጥር ፍጥነቱ ጣሪያው ላይ እስኪደርስ ይጨመርለታል፤ ከዚያ ወዲያ ገመዱን ያሳጥሩበታል። ከ18.25 ወደ 16፣ ወደ 14.25፣ ወደ 13፣ ወደ 12፣ ወደ 11.25 ሜትር። ገመዱ በየርቀቱ ቀለም ያለው ቀለበት አለው፦ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፤ እንደ ቀስተ ደመና።

ቁጥሮቹን እንደገና አንብቧቸው። ኳሱ 11.5 ሜትር ላይ ነው፣ ገመዱ 11.25 ሜትር ነው። ገመዱ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ቢዘረጋ እንኳ አይደርስም! የጎደለውን የሚሞላው የሰውየው አካል ነው፤ በአንድ እጁ መያዣውን ይዞ፣ ወደ ውሃው ተጋድሞ፣ ስኪውን ከኳሱ ውጭ ያሳልፋል። ይህ ሁሉ የሴንቲ ሜትር ጨዋታ ሆኖ ሳለ ገመዱ በራሱ ፈቃድ ሁለት ሜትር ቢለጠጥ ውድድሩ ትርጉም ያጣል። ከዚያም በላይ፣ የተለጠጠ ገመድ የተቀበለውን ጉልበት ዘግይቶ ነው የሚመልሰው፤ ሰውየው ሊዞር ፍጥነት በሚቀንስበት ሰዓት ድንገት ይጎትተዋል።

የእነዚህ ጀልባዎች መጎተቻ ምሰሶ ለምን መሃል አካባቢ እንደተተከለም አሁን ግልጽ ይመስለኛል። ሰውየው ወደ ጎን ሲጎትት፣ ገመዱ ከጀልባው ጭራ ላይ ቢታሰር ጭራውን ወደ ጎን ጎትቶ አፍንጫውን ያዞረዋል። መሃል ላይ ሲታሰር ግን የማዞሪያ ክንዱ ያጥራል፤ ጀልባው መስመሩን ሳይለቅ ይሄዳል።

ዌክቦርድ የሚባለው በአንድ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በጀልባው ማዕበል የሚዘለልበት ስፖርት ደግሞ ገመዱን ከሁለት ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የቱቦ ማማ ላይ ያስራል። ማማው ሰውየውን “ወደ ላይ ያነሳዋል” ሲባል ሰምቼ አስልቼው ነበር። ማሰሪያው 2.2 ሜትር፣ መያዣው 1 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ገመዱ 20 ሜትር ቢሆን፣ ከውጥረቱ ወደ ላይ የሚሄደው 6 በመቶ ብቻ ነው። 500 ኒውተን ሲጎትት 30 ኒውተን፣ ማለትም 3 ኪሎ። ይህ ማንንም አያነሳም። ጥቅሙ የሚታየው ሰውየው ከዘለለ በኋላ ነው፦ ዝቅ ያለ ምሰሶ ቢሆን ኖሮ በአየር ላይ ያለውን ሰው ወደ ታች ይስበው ነበር፤ ማማው ግን ይተወዋል። ማንሳት ሳይሆን አለመጎተት ነው ሥራው። ለዚህ ስፖርት የሚመረጠው ገመድ ከሁሉም ግትሩ ነው፤ ዳይኒማ ወይም ስፔክትራ በሚባሉ እጅግ ረጃጅም ሞለኪውል ባላቸው የፖሊኤቲሊን ክሮች የሚሠራ፣ የሚለጠጥ የማይመስል።

በዚያ ማማ ላይ ቲዩብ ማሰር ግን ፈጽሞ አይገባም። ምክንያቱን ከላይ አስልተነዋል፤ ቲዩብ ሲጠልቅ ኃይሉ በቅጽበት በሺዎች ኒውተን ይዘላል። ያ ኃይል ከፍ ካለ ቦታ ወደ ጎን ሲጎትት ማማውን ሊሰብር፣ ጀልባውንም ሊያጋድል ይችላል። ቲዩብ የሚታሰረው ከጀልባው ኋላ፣ ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳውን አልፎ በብሎን በተጠበቀ ቀለበት ላይ ነው። ቀለበቱም ከገመዱ ያላነሰ ጥንካሬ ይኑረው፤ አለዚያ ሲነቀል ወደ ልጆቹ የሚወረወረው ብረቱ ይሆናል።

ስለ ጥንካሬ ካነሳን፦ የአሜሪካ የውሃ ስፖርት ኢንዱስትሪ ማኅበር ለቲዩብ ገመድ ያወጣው መመሪያ አለ። ለአንድ ሰው 1500 ፓውንድ (680 ኪሎ ገደማ)፣ ለሁለት ሰው 2375 ፓውንድ (1077 ኪሎ)፣ ለሦስት 3350 ፓውንድ (1520 ኪሎ)፣ ለአራት 4100 ፓውንድ (1860 ኪሎ) ሳይበጠስ መሸከም አለበት። ለአንድ ሰው 680 ኪሎ ሲባል መጀመሪያ የተጋነነ ሊመስል ይችላል። ገመድ ግን እንደተገዛ አይቀርም። ቋጠሮ ብቻ ጥንካሬውን ከሲሶ እስከ ግማሽ ሊቀንሰው ይችላል፤ ክሮቹ በቋጠሮው ውስጥ ስለሚታጠፉ ውጭ ያሉት ከልክ በላይ ሲወጠሩ ውስጥ ያሉት ይላላሉ። ለዚህ ነው የተገዛ ገመድ ጫፉ ሳይቋጠር በራሱ ውስጥ ተሰፍቶ ቀለበት የሚሆነው። ፀሐይም አለ፦ የፖሊፕሮፒሊን ሞለኪውሎችን ይቆራርጣቸዋል። ገመዱ ቀለሙን ለቆ፣ ሻክሮ፣ ስታሹት ዱቄት የሚመስል ነገር ከተወ በመለያው ላይ የተጻፈው ቁጥር የድሮ ታሪክ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የአክስቴ ልጅ ገመድ ሌላ ጥፋትም ነበረበት። ናይሎን ይሰምጣል። ክብደቱ ከእኩል መጠን ውሃ ጋር ሲነጻጸር 1.14 ነው፤ ፖሊስተር 1.38። ፖሊፕሮፒሊን 0.91፣ ፖሊኤቲሊን 0.95 ገደማ ስለሆኑ ይንሳፈፋሉ። ጀልባው የወደቀውን ሰው ሊያነሳ ሲዞር፣ ተንሳፋፊ ገመድ ለነጂው ይታየዋል፤ የሰመጠ ገመድ ግን የሚገኘው ፕሮፔለር ላይ ተጠምጥሞ ነው፣ ወይም እግር ላይ።

እንግዲህ ለአክስቴ ልጅ የጻፍኩት ይህን ነው፦ ለቲዩብ ተብሎ የተሠራ፣ የሚንሳፈፍ፣ የአራት ሰው ገመድ ግዛ፤ ሁለት ልጆች ብቻ ቢሆኑም። ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሜትር ይሁን። ለልጆች በሰዓት ከ24 ኪሎ ሜትር አትለፍ፤ ፍጥነትን በግማሽ መቀነስ የሚጠልቀውን ጠርዝ ኃይል ወደ ሩብ ያወርደዋል። ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚያይ ሁለተኛ ሰው ይኑር፣ ነገር ግን በገመዱ መስመር ላይ አይቀመጥ፤ ከጎን ይሁን። ማንም፣ በተለይ ልጆቹ፣ ገመዱን እጃቸው ላይ አይጠምጥሙ። ሞተሩ እየሠራ ከጀልባው ጭራ ላይ ተንጠልጥሎ ወይም እጅግ ተጠግቶ መጎተት ደግሞ የለም፤ የሞተሩ ጭስ እዚያ ይከማቻል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የአዲሱን ገመድ መለያ ፎቶ ላከልኝ። “4100 ፓውንድ” ይላል፣ ደማቅ ብርቱካናማ ነው። ከሥሩ “ይኸው ገዛሁ። በዚሁ እኔም ስኪ ብሞክር ይሆናል አይደል?” ብሏል።

አይሆንም ብዬ መለስኩለት። ወፍራም ነው፣ ይከብዳል፣ መሃሉ ረግቦ ውሃውን ይነካል፣ መያዣም የለውም፤ የስኪው ገመድ ሌላ ነው። “ሁለት ገመድ?” አለኝ። ሁለት ገመድ።